የተሰረዘውንም አሳዩን

ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

ከሠዓሊዎች ጋር በምታደርጓቸው ቃለ ምልልሶች አንድ ጥያቄ አይቀርም። «ሐሳቡ ከየት መጣ?» የሚለው። እኔም ሠዓሊ ነኝ። ብዙ ጊዜ ተጠይቄዋለሁ፤ አንድም ቀን በትክክል የመለስኩ አይመስለኝም። ሥራው ካለቀ በኋላ ሳወራው፣ ሁሉን ከመጀመሪያው አውቄ የጀመርኩት ይመስላል። እውነቱ ያለው ደብተሬ ውስጥ ነው።

ባለፈው ወር የእናቴን ምስል በሠራሁበት ጊዜ የያዝኩትን ደብተር ገለጥኩ። እስከዛሬ ለሰው ሳወራ «ያስቸገረኝ የቀሚሷ ቀይ ነው» እል ነበር። ደብተሩ ግን ሌላ ይላል። «ቀዩን አብርጂው» ብዬ ጽፌ ሰርዤዋለሁ። ከሦስት ገጽ በኋላ እንደገና «ቀዩን አብርጂው»። እሱም ተሰርዟል። ከዚያ በእርሳስ፣ በችኮላ፣ «ቀዩ ምንም አላደረገ። እጇ ነው። እጇ ሥራ ፈቷል» ይላል። በማግስቱ መርፌና ክር አስያዝኳት። ቀዩን ከዚያ ወዲያ አልነካሁትም። ይህን ጨርሶ ረስቼው ነበር!

ሠዓሊው ቪንሰንት ቫን ጎ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1888 ለወንድሙ ለቴዎ ስለ መኝታ ቤቱ ሥዕል ጽፎለታል። ንድፉን ከደብዳቤው ጋር ልኮ ቀለሞቹን አንድ በአንድ ነገረው፦ ግድግዳው ፈዛዛ ወይን ጠጅ፣ ወለሉ ቀይ ሸክላ፣ አልጋውና ወንበሮቹ እንደ ትኩስ ቅቤ ቢጫ። ቀለሙ ራሱ ስለ ዕረፍት እንዲናገር ነበር የፈለገው። ዛሬ ሥዕሉን ብታዩት ግን ግድግዳው ሰማያዊ ነው። ወይን ጠጁን ለማግኘት የተጠቀመበት ቀይ ቀለም ብርሃን የማይቋቋም ዓይነት ስለነበር ቀስ በቀስ ደብዝዞ ጠፋ፤ ሰማያዊው ቀረ። ባለሙያዎች ቀለሙን መርምረው ይህንኑ አግኝተዋል። ወይን ጠጅና ቢጫ ደግሞ ተቃራኒ ቀለሞች ናቸው። ጎን ለጎን ሲሆኑ አንዱ ሌላውን ያደምቃል። ያቺ ደብዳቤ ባትኖር ኖሮ፣ እሱ ያላሰበውን ሰማያዊ ግድግዳ እያደነቅን አልጋው ለምን ቢጫ እንደሆነ ሳይገባን በቀረ ነበር።

ሠዓሊው ፒካሶም በስፔን ከተማ በጌርኒካ ስም ለተጠራው ሥዕሉ ሲዘጋጅ ንድፎቹ ላይ ቀን ይጽፍ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሜይ 1 ቀን 1937 ይላሉ፤ ከተማዋ በቦምብ ከተደበደበች ከአምስት ቀን በኋላ ማለት ነው። ከቀደሙት ንድፎች በአንዱ ላይ፣ ከቆሰለው ፈረስ ጎን ክንፍ ያለው ትንሽ ፈረስ ይወጣል። ሸራው ላይ የለም። ጥሎታል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስተምረኝ ያ የተጣለ ፈረስ ነው። መጥፎ ሐሳብ መተው ቀላል ነው፤ ያን የመሰለ ቆንጆ ሐሳብ መተው ግን እንዴት ይከብዳል!

አንድ ጊዜ በዐውደ ርዕይ ላይ ደብተሬን ከሥዕሎቼ ጎን ላስቀምጥ ብዬ ጠይቄ ነበር። አዘጋጆቹ «የተዝረከረከ ነው፣ ሥራሽን ያሳንሰዋል» አሉኝ። እሺ ብዬ ወደ ቤቴ መለስኩት። እስካሁን ይቆጨኛል። ሊያዩ ከመጡት መካከል ሥዕል የሚማሩ ልጆች ነበሩ። አንዷ የእናቴ ምስል ፊት ቆማ «እኔማ በጭራሽ አልችልም» ስትል ሰምቻታለሁ። ያን ጊዜ ሁለቱን የተሰረዙ መስመሮች ላሳያት ፈልጌ ነበር፤ ደብተሩ ግን ቤት ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ሠዓሊ ስታነጋግሩ ደብተራቸውን እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁልን። አንድ ገጽ ፎቶ አንሥታችሁ አውጡት። ሠዓሊ የሞተባቸው ቤተሰቦችም ሸራውን በክብር አስቀምጠው ደብተሩን ከአሮጌ ወረቀት ጋር እንዳይጥሉት ንገሩልን።

የእኔን ከፈለጋችሁ የእናቴን ሥዕል ደብተር እልክላችኋለሁ። ስታወጡት እባካችሁ የፊደል ስህተቱን አታርሙት። የተሰረዘውም ይነበብ።

ከአክብሮት ጋር
ሠዓሊና የጋዜጣችሁ አንባቢ