«ልብስ አታብዙ፣ እጥበት በዋጋው ውስጥ አለ» ብላችሁን ነበር

ለአስጎብኚ ድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በታንዛኒያ ሳፋሪ ጉዞ ላይ ስለ ልብስ እጥበት የቀረበ ቅሬታ

እንደምን ናችሁ? ሐምሌ ላይ ከእናቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር በእናንተ በኩል ታራንጊሬን፣ ንጎሮንጎሮንና ሴሬንጌቲን አይተን ተመልሰናል። ባየነው ነገር ምንም ቅሬታ የለኝም። ሹፌራችንም ጨዋና ሥራውን የሚወድ ሰው ነው፣ እግዜር ይስጠው። የምጽፍላችሁ ስለ ልብስ ነው። ትንሽ ጉዳይ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት፣ እናቴን ግማሹን ጉዞ ያሳቀቃት ይሄው ነው።

ከመሄዳችን በፊት በኢሜይል የላካችሁት ወረቀት ለአንድ ሰው 15 ኪሎ ብቻ ይላል፣ የእጅ ቦርሳን ጨምሮ፣ ያውም ጎማ በሌለው ለስላሳ ቦርሳ። ይሄ ትክክል ነው። ከሰሜን ሴሬንጌቲ፣ ከኮጋቴንዴ ወደ አሩሻ የተመለስንባት ሴስና ካራቫን ትንሽ አውሮፕላን ናት፣ የዕቃ ማስቀመጫዋም ጠባብ ስለሆነ ደረቅ ሻንጣ አይገባበትም። በዚህ አንጣላም። የምንጣላው ከሱ ቀጥሎ በጻፋችሁት ነው፦ «ልብስ አታብዙ፣ በሁሉም ማረፊያ የልብስ እጥበት በዋጋው ውስጥ ተካቷል።» እናቴ ሻንጣዋን ዘርግታ ስትመርጥ እኔው ነኝ ይሄን ያነበብኩላት። አምናችሁ አብዛኛውን ቀሚሷን ቤት ትታ መጣች።

አሁን ያወጣችሁልንን ፕሮግራም እስቲ እዩት። ታራንጊሬ አንድ ሌሊት። ንጎሮንጎሮ አፋፍ ላይ አንድ ሌሊት። እነዚህ ቦታዎች ልብስ ጠዋት ይሰበሰባል፣ በእጅ ይታጠባል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ማታ ይመለሳል። ሲመሽ ደርሶ ጎህ ሲቀድ የሚወጣ እንግዳ ታዲያ መቼ ነው የሚያሳጥበው? በዚያ ላይ የንጎሮንጎሮ አፋፍ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። በሐምሌ ጠዋት ጉም ይጋርደዋል፣ ብርዱም የደብረ ብርሃን ብርድ ነው። እዚያ ሁለት ሌሊት ብናድር እንኳ ወፍራም ሹራብ በአንድ ቀን አይደርቅም። ይሄን እኛ ከአዲስ አበባ ሆነን ልናውቅ አንችልም፣ መንገዱን በየወቅቱ የምትሸጡት እናንተ ግን ታውቃላችሁ።

ታራንጊሬ ደግሞ ሌላ ነው። በሐምሌ እኛ ጋ ክረምት ሲሆን እዚያ ደረቅ ወቅት ነው። የመኪናው ጣሪያ ተከፍቶ ሲሄድ አቧራው ፀጉር ውስጥ፣ አንገት ላይ፣ ካልሲ ውስጥ ሳይቀር ይገባል፣ ጠዋት የተለበሰ ሸሚዝ ለምሳ ሲደረስ ቀለሙ ይቀየራል። ስለዚህ ሴሬንጌቲ የደረስነው አንድም ንጹሕ ልብስ ሳይቀረን ነው።

ሴሬንጌቲ ላይ ደስ አለን፣ ምክንያቱም እዚያ ከአንድ ሌሊት በላይ ነበርን። ድንኳን ውስጥ ቅርጫት አለ፣ ቅርጫቱ ላይ ወረቀት አለ፣ ወረቀቱ የውስጥ ልብስ አንቀበልም ይላል። በዚያ አካባቢ ብዙ ካምፖች የሚያደርጉት ነው፣ የሌላን ሰው የውስጥ ልብስ ማጠብ ለሠራተኞቹ ነውር ስለሆነ። እናቴም ብትሆን ለሰው አትሰጥም፣ በዚህ ከነሱ ጋር አንድ ናት። እንዲያውም ማጠቢያ ኦሞ በትንሽ ዕቃ አስቀምጠውላት አመስግናለች። ግን ውኃ የት አለ? ውኃ በቦቴ ከሩቅ ነው የሚመጣው። ገላ መታጠቢያውም ከድንኳኑ ጀርባ ከተሰቀለ ከረጢት የሚወርድ አንድ ባልዲ የሞቀ ውኃ ነው። እናቴ ከዚያች ውኃ ቆጥባ፣ ጎንበስ ብላ በጨለማ ስታጥብ ሳያት አዘንኩ። አንድ መስመር ጽፋችሁ ቢሆን የውስጥ ልብስ በርከት አድርገን፣ ቶሎ የሚደርቀውን መርጠን እንይዝ ነበር። እሱ ደግሞ ኪሎ አይበላም።

ከሁሉም የከፋው የነጠላው ነገር ነው። እናቴ ያለ ነጠላ ከቤት አትወጣም። ነጠላዋን ለብቻው በጨርቅ ከረጢት አድርጌ፣ ነጭ ነው፣ ከሌላ ጋር አይቀላቀል ብዬ በእንግሊዝኛ ጽፌ፣ ለሠራተኛውም በቃል ነግሬ ነው የሰጠሁት። ማታ ሲመጣ ሮዝ ሆኗል። ከሌላ እንግዳ ቀይ የማሳይ መጎናጸፊያ ጋር ተዘፍዝፎ ኖሮ ቀለሙ ለቆበታል፣ ጥለቱም ደብዝዟል። ይህ ነጠላ በእጅ የተፈተለ፣ እህቷ ያሠራችላት ነው። ቤት መጥተን ሦስቴ ብንዘፈዝፈውም አልለቀቀም።

የተመለሰው ሌላው ልብስ ደግሞ እርጥብ ነበር፣ ካውያም አልነካውም። ይሄ የማማር ጉዳይ አይደለም። በዚያ አገር እርጥብ ልብስ ላይ እንቁላሏን የምትጥል ዝንብ አለች፣ ሲፈለፈል ትሉ ቆዳ ውስጥ ገብቶ እንደ እባጭ ያብጣል። ካምፖቹ ካልሲ ሳይቀር በከሰል ካውያ የሚተኩሱት ለዚህ ነው፣ ሙቀቱ እንቁላሉን ይገድለዋል። ይሄን የነገረን ሹፌራችን ነው። እናንተ አንድ ቃል አልተነፈሳችሁም።

ስንወጣ ደግሞ ሂሳብ መጣ። በፍሬ ተቆጥሮ፣ ለእያንዳንዱ ሸሚዝና ሱሪ። የላካችሁትን ወረቀት ለሥራ አስኪያጇ አሳየኋት፣ እሷም ከእናንተ ጋር ያላቸው ውል እጥበትን እንደማይጨምር በትሕትና አስረዳችኝ። ወደ እናንተ ደጋግሜ ደወልኩ፣ የሚያነሳ ጠፋ። አውሮፕላኑ እንዳያመልጠን ከኪሴ ከፈልኩ። ታዲያ በዋጋው ውስጥ ተካቷል ብላችሁ የጻፋችሁት ከማን ጋር ተስማምታችሁ ነው?

ወረቀቱ ላይ ሌላም መታረም ያለበት አለ። የቆሸሸ ልብስ መያዣ ፌስታል ያዙ ይላል። ታንዛኒያ ፌስታልን ከሰኔ 2019 በፈረንጆች አቆጣጠር ጀምራ ከልክላለች፣ እኛም የያዝነውን ኪሊማንጃሮ አየር ማረፊያ አስረክበን ነው የገባነው። በጨርቅ ከረጢት መተካት ነው፣ ቀላል ነገር ነው። ስለ ቀለምም ዝም ብላችኋል። ጥቁርና ደማቅ ሰማያዊ የቆላ ዝንብን፣ ጼጼ የምትባለዋን፣ ይስባል። ወንድሜ ሰማያዊ ጃኬቱን ለብሶ ታራንጊሬ ላይ የተነደፈው ነገር ያሳዝናል፣ ከሱ ውጭ ጃኬት ስላልያዘ ማውለቅም አልቻለም።

ደግሞም ጉዞው ከአሩሻ ተነስቶ አሩሻ ነው የሚያበቃው። ትርፍ ልብሳችንን በሌላ ሻንጣ አሩሻ ያደርንበት ሆቴል ትተን መሄድ እንችል ነበር። ሆቴሉ ዕቃ እንደሚያስቀምጥ የሰማነው የመጨረሻው ቀን ነው።

የምጠይቃችሁ ይሄን ነው። ለእጥበት የከፈልኩትን ሙሉ በሙሉ መልሱልኝ፣ ደረሰኙን አያይዣለሁ። የእናቴን ነጠላ ዋጋ ክፈሉ፣ ፎቶውም አብሮ አለ፣ ሸማኔ ጋ ሄዳችሁ እንዲህ ያለው ስንት እንደሚሠራ ጠይቁ። ወረቀቱንም አርሙት፦ የትኛው ማረፊያ እንደሚያጥብ፣ የትኛው እንደሚያስከፍል፣ የት አንድ ሌሊት ብቻ እንደሆነና እጥበት እንደማይቻል በግልጽ ጻፉ። 15 ኪሎ ይበቃል፣ ሰው የት እንደሚያሳጥብ አውቆ ከያዘ።

አንድ ነገር አደራ። ይሄን ቅሬታ በካምፑ አጣቢዎች ላይ እንዳታዞሩት። በባልዲ ውኃና በከሰል የሚሠሩ ሰዎች ናቸው፣ እኛ የከፈልነው ለእናንተ ነው። መልሳችሁን በዚሁ ኢሜይል በጽሑፍ እጠብቃለሁ። በስልክ ብቻ «እናየዋለን» የሚለውን አልቀበልም።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ