ሲዲፎሬ የወረደ ዕለት

እህት ዓለም፣

እንዴት ነሽ? ልጆቹስ? ሁለት ዓመት ሙሉ ስልክሽን ያላነሳሁት ተቀይሜሽ አይደለም። ፈርቼ ነው። የትናንቱ መልእክትሽ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ወንድምሽ «ሲዲፎሬ አልጨምር አለ፣ መድኃኒቱን ላቆመው ነው» ብሏል ያልሽኝ።

የኔን ታስታውሻለሽ። የኤችአይቪ መድኃኒት ስጀምር ሲዲፎሬ፣ ያ ቫይረሱ የሚያጠቃው የበሽታ ተከላካይ ሴል ቁጥር፣ 118 ነበር። በሦስተኛው ወር 205 ሲሆን እልል ያልሽው አንቺ ነሽ። ቀስ እያለ 412 ደረሰ። ከዚያ በአንድ ምርመራ 338 ሆኖ መጣ። ውጤቱን የነገረኝ ሰው «ወርዷል፣ መድኃኒትሽን በደንብ ዋጪ» ብሎ ሸኘኝ። እኔ እኮ አንድ ቀን አሳልፌ አላውቅም! የምሞት መሰለኝ። ከሰው ሁሉ የተደበቅኩት ያኔ ነው።

ኋላ አንዲት ነርስ ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። የሚቆጠረው ደም ውስጥ ያለው ሲዲፎር ብቻ ነው። አብዛኛው የሚኖረው ደም ውስጥ ሳይሆን አንገትና ብብት ስር እንዳሉት ባሉ ዕጢዎችና በአንጀት ውስጥ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ይዋዥቃል። ጠዋት ዝቅ ይላል፣ ወደ ማታ ከፍ ይላል። ጉንፋን እንኳ ያወርደዋል። እኔንም ያን ሰሞን ጉንፋን አስተኝቶኝ ነበር። ከ30 በመቶ በታች የሆነ ለውጥ ብቻውን ብዙ አይናገርም አለችኝ። የኔ 18 በመቶ ነበር።

ቁጥሩ መጀመሪያ ላይ ቶሎ የሚጨምረውም በምክንያት ነው። ቫይረሱ ሲዳከም ዕጢ ውስጥ ተይዘው የነበሩት ሴሎች ወደ ደም ይመለሳሉ። ከዚያ በኋላ ሰውነት አዲስ እየሠራ ነው የሚጨምረው፤ ያ ጊዜ ይፈልጋል። ዕድሜው ገፋ ያለ ወይም ዝቅ ካለ ቁጥር የጀመረ ሰው ደግሞ ይበልጥ ይዘገያል።

መድኃኒቱ መሥራቱን የሚነግረው የቫይረስ መጠን ምርመራው ነው። የኔ በዚያው ቀን ከ50 በታች ነበር፣ ቫይረሱ ተገትቷል ማለት ነው! ማንም አልነገረኝም።

ወንድምሽ ቫይራል ሎዱን፣ ማለትም የቫይረስ መጠኑን ይጠይቅ። ቫይረሱ ከታየ ወይም ሲዲፎሩ በተደጋጋሚ ከወረደ ሐኪሙ ምክንያቱን ይፈልግለት። ሲዲፎሩ ከ200 በታች ከሆነም ከሌሎች ኢንፌክሽኖች እንዲከላከልለት የታዘዘለትን ባክትሪም አያቋርጥ። የኤችአይቪ መድኃኒቱን ካቆመ ግን ቫይረሱ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል፤ ያገገመውም መውረድ ይጀምራል።

ዛሬ ማታ ደውይለት። አንቺን እንቢ ካለ ስልኩን ላኪልኝ፣ እኔ አናግረዋለሁ። የኔንም ወረቀቶች አሳየዋለሁ፣ 338ቱን ጭምር።