ካኬቲ ስትሄጂ ይህን ጠይቂልኝ

ውድ ልጄ፣ ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እዚህ አራት ኪሎ ክረምቱ እየወጣ ነው፤ የመስቀል ችቦ ሻጮች መንገዱ ዳር ተደርድረዋል። አንቺ በዓሉን ጆርጂያ፣ ካኬቲ በሚባለው የወይን አገር ለቀማ ላይ እንደምታሳልፊ ስትነግሪኝ ደስ አለኝ።

ከዋና ከተማዋ ከትብሊሲ ስትነሺ በጎምቦሪ ተራራ በኩል ሂጂ። መንገዱ ከ1,600 ሜትር በላይ ይወጣና ወደ ቴላቪ ከተማ ሲወርድ የአላዛኒ ሸለቆ ፊትሽ ይዘረጋል። ማዶ የምታዪው ታላቁ ካውካሰስ ነው። የሰሜኑን ብርድ የሚመክተው እሱ ነው። ከጥቁር ባሕር የሚመጣውን እርጥበት ደግሞ በምዕራብ ያሉት የሊኪ ተራሮች አብዛኛውን ያስቀሩታል። ስለዚህ የካኬቲ በጋ ይሞቃል፣ ፍሬውም በደንብ ይበስላል። ጣጣው በረዶ ነው። አንድ ከሰዓት የወረደ በረዶ የዓመቱን ዘለላ ያረግፈዋል። ለዚህ ነው እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ደመናው ላይ ሮኬት የሚተኩሱት።

ክቬቭሪ የሚሉትን የወይን ጠጅ ሸክላ ሳታዪ እንዳትመለሺ። የእኛን የጠጅ ጋን አስቢ፤ ይሄኛው ግን እስከ አንገቱ መሬት ውስጥ ተቀብሮ ይኖራል። ውስጡ ሰም ይቀባል። ትልልቁን የሚያጥቡት ሰው ገብቶበት ነው! ካኬቲዎች ጭማቂውን ከነልጣጩ፣ ከነዘሩ፣ ከነዘንጉ ጨምረው አምስት ስድስት ወር ያቆዩታል። ርካትሲቴሊ የሚባለው ነጭ ወይን እንኳ ከዚያ ሲወጣ ወርቃማ ሆኖ ነው። ዩኔስኮ ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ2013 መዝግቦታል። ከትብሊሲ በስተደቡብ በተገኙ የሸክላ ስብርባሪዎች ላይ ደግሞ 8,000 ዓመት ገደማ የሆነው የወይን ጠጅ ቅሪት ተገኝቷል።

እኔን የያዘኝ ግን ንግዱ ነው። በሶቪየት ዘመን ገበሬው ፍሬውን ለፋብሪካ ያስረክብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 የሶቪየቱ መሪ ጎርባቾቭ በመጠጥ ላይ ሲዘምት ብዙ የወይን ማሳ ተነቀለ። ከነፃነት በኋላም ዋናዋ ገዢ ሩሲያ ነበረች፤ እሷም እ.ኤ.አ. በ2006 በሯን ዘጋች። እስከ 2013 አልከፈተችም። እስቲ አስቢው፣ የምትሸጪለት አንድ ደንበኛ ብቻ ኖሮ እሱ ሲጠፋ! ሰዎቹ ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ሌላ አገር ለመሸጥ ጥራቱን ማሻሻል ግድ ሆነባቸው። ፍሬውን በኪሎ ይሸጡ የነበሩ ቤተሰቦችም በራሳቸው ስም ማሸግ ጀመሩ። ሩሲያ ስትመለስ መልሳ ዋና ገዢ መሆኗ ግን ያሳስበኛል። ያ መከራ ሊደገም ይችላል።

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ቡና ላኪ ቤት ሠርቻለሁ። በእጄ ያለፈው ጆንያ ላይ የገበሬው ስም የለም። ስለዚህ በራሱ ስም የሚያሽግ ቤተሰብ ፈልጊና ጠይቂልኝ። ፍሬውን በኪሎ ሲሸጡና ጠርሙስ ሲሸጡ የሚተርፋቸው ስንት ነው? ጠርሙሱንና ቡሹን ከየት ያመጣሉ? የመጀመሪያውን ገንዘብ ማን አበደራቸው? የመጀመሪያው የውጭ ገዢስ እንዴት አገኛቸው? የምሳ ሰዓት ላይ ጠይቂያቸው፤ ለቀማ ላይ ሰው ፋታ የለውም።

የሚነግሩሽን በድምፅ ቅጂልኝ። አጎትሽ ይርጋጨፌ ያለውን ቡና በቀጥታ ለመላክ ወረቀት ጀምሯል፤ ለጥቅምት ለቀማ ሳይደርስ እንዲሰማው እፈልጋለሁ።

እናትሽ