ነፋሱ ሲመጣ

ድሬዳዋ፣ ሐምሌ 2013

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ አባቴ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትህ ጉልበቱን ከማለት በቀር ምንም አልሆነም።

ሥራ ላይ ራስህን ስተህ መውደቅህን የነገረችኝ የአክስትህ ልጅ ናት። አትቆጣት፤ አፋጥጬ ያወጣጣኋት እኔ ነኝ። አንተማ «ትንሽ ሞቆን ነበር» ብለህ ሳቅህብኝ። ትንሽ! ሰኔ 21፣ የማርያም ዕለት፣ ያለህባት ሲያትል 42 ዲግሪ መድረሷን የሰማሁት በማግስቱ ነው። እኛ እንኳ የድሬ ሰዎች 35 እና 36 ሲገባ ነው «ዘንድሮስ ጨረሰን» የምንለው። የእናንተ ቤት ደግሞ ለብርድ የተሠራ፣ የቀኑን ሙቀት አፍኖ የሚያሳድር ነው አሉ። ካናዳ ውስጥ አንዲት መንደር 49.6 ገብታ በማግስቱ በእሳት ጋየች ሲባል ስልክህን ሞከርኩ። አላነሳህም። ያን ቀን እንዴት እንደዋልኩ አባትህን ጠይቀው።

ጾሙንም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትይዝ ነበር አሉ። በዚያ ሙቀት፣ ሸክም እየተሸከምክ፣ ያለ ውሃ! ማርያም ራስህን ስተህ ውደቅ አላለችህም። ለከርሞ የንስሐ አባትህን ሳትጠይቅ እንዳትጀምር።

አሁን ግን በረድ ብሏል አልክ፤ ተመስገን። ፎቶህንም አየሁት፦ ሐብሐብ በእጅህ፣ እግርህ ሐይቁ ውስጥ። «እማዬ፣ መስኮት ከፍቶ መተኛት እንዲህ ደስ እንደሚል ረስቼው ነበር» ያልከውን ለአባትህ ደጋግሜ አነበብኩለት። «አቦ፣ ልጄ ድሬን አስታወሰ!» ብሎ ሳቀ። እኔም ደስ ብሎኛል። ሰው አገር ሄዶ አየርና ሐብሐብ የሚያስደስተው ልጅ አልተበላሸም።

ሐይቁ ውስጥ ግን አትግባ። እግርህን ነክረህ ተቀመጥ፣ አልከለክልህም። ከጉልበትህ በላይ አይሆንም። ዋና የት ተምረህ? ያደግኸው ደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ላይ ኳስ ስታባርር ነው። የዚያ አገር ውሃ ላዩ ለብ ቢል ታቹ ቀዝቃዛ ነው፤ ድንገት ሲገቡበት ትንፋሽ ይነጥቃል፣ ዋና የሚችለውንም ሳይቀር።

የ1998ቱን ታስታውስ የለ? ልጅ ብትሆንም ታስታውሳለህ። ሐምሌ 29 ማምሻውን ከደንገጎ ተራራ በኩል ነፋስ መጣ። ያ ሰሞን ወበቁ እንቅልፍ ነስቶን ነበር። ግቢውን ውሃ ረጨሁት፣ ፍራሽ አወጣን፣ ከቀፊራ ገበያ የመጣ ማንጎ ተቆረጠ፤ አንተ ፊትህን እስከ ጆሮህ ለቀለቅከው። ያቺ ከአሸዋው ዳር የምትመጣው ጎረቤታችን ጀበናዋን ይዛ መጥታ ነበር። እስከ ሦስተኛው ጠጣን። «አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬስ እንተኛለን» ብላ ተነሳች። ጀበናውን «ነገ እወስደዋለሁ» ብላ ትታው ሄደች።

ለካ ያ ነፋስ ከዝናቡ ቀድሞ የመጣ ነው። ላይ ደጋው ላይ የዘነበው ሌሊት ደቻቱን ሞልቶ ወረደ፤ ከ250 ሰው በላይ በላ። እሷንም። ቁም ሳጥኑ ላይ ያለው፣ «ለምን አይፈላበትም?» እያልክ የምትጨቀጭቀኝ ጀበና የሷ ነው። አባትህ ለልጇ እንስጠው ይላል። ልጇ ደግሞ እናንተ ጋ ይቀመጥ አለች፤ እሷም ማየቱን አልፈለገችም መሰለኝ። ባለፈው ዓመት አፉ ተሸረፈና አለቀስኩ፣ ለሸክላ።

ዛሬም ነፋሱ ሲመጣ ተመስገን እላለሁ። እያልኩ ግን ዓይኔ ወደ ደንገጎ ነው። ስለዚህ «እማዬ ፈሪ ናት» እያልክ ለጓደኞችህ አታውራ። ሐይቁ ውስጥ አትግባ።

ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ መጋረጃህን ዝጋ፣ ማታ ክፈት። ሥራ ስትሄድ ውሃ ያዝ። ላብ ሲበዛብህ ጨው ቆንጠር፣ ስኳርና ሎሚ ጨምርበት። ራስህን ካዞረህ ቁጭ በል፤ አለቃህ ቢቆጣ ይቆጣ። ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩት ሽማግሌም አሉ ብለኸኝ ነበር፦ ሲሞቅ በራቸውን አንኳኳ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውሰድላቸው። በዚያ ሙቀት የሞቱት ብዙዎቹ እንደሳቸው ጠያቂ የሌላቸው ናቸው። ሐብሐቡንም ቆርጠህ ስጣቸው፣ ብቻህን አትጨርሰው።

ለቬንትሌተር ብለህ ብር እንዳትልክ፤ አባትህ ጠግኖታል፣ ይጮሃል እንጂ ይሠራል። አክስትህ ግን ያንን የጉልበት ቅባት ላክልኝ ብላለች። የአባትህንም ጨምርበት፣ እሱ አፍሮ አይነግርህም።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ደውል። ካሜራውን ወደ ፊትህ አድርገው፤ ሁልጊዜ ጣሪያ ነው የምታሳየኝ። ጓደኞችህ ሐይቅ እንሂድ ካሉህም ሂድ፣ ተጫወት፤ ልብሳቸውን የምትጠብቀው ግን አንተ ነህ።

እናትህ