«ሞልቷል»፦ የሙዚቃ ክበብ የዓመቱ ሥራ

የሙዚቃ ክበብ ዘንድሮ አብዛኛውን ጊዜውን ያዋለው በአንድ ዘፈን ላይ ነው። «ሞልቷል» የተሰኘው የሂፕ ሆፕ ዘፈን በመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ተጽፎ፣ በሁለተኛው ተቀርጾ፣ በሰኔው የወላጆች በዓል በመድረክ ቀርቧል። የባህል ሙዚቃ ቡድኑ ኅዳር 29 ያቀረበውን ሁሉም ስላየው እዚህ አንደግመውም። ስለ ዘፈኑ ግን በዝርዝር መጻፉ ይጠቅማል፤ ክበቡን የሚረከቡት ልጆች ከዜሮ መጀመር የለባቸውም።

ዘፈኑ ስለ ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ነው። አዝማቹ ጥያቄና መልስ ነው፤ አንዱ «ቦታ አለ?» ሲል ሌሎቹ «ሞልቷል!» ይላሉ። ከቀረቡት አዝማቾች ውስጥ በቃላቱ ውበት የሚበልጡት ነበሩ። ይሄኛው የተመረጠው አንድ ጊዜ የሰማ ሰው ወዲያው ሊመልሰው ስለሚችል ነው፤ ለመድረክ የሚጻፍ አዝማች ሌላ ፈተና አያስፈልገውም።

ብዙው ድካም የነበረው ግጥሙ ላይ ነው። ተማሪዎች ራፕ ሲባል ቶሎ የሚያስቡት ስለ ስቱዲዮና ስለ ማይክ ነው፤ ዘፈኑ የሚወድቀው ግን ብዙ ጊዜ ደብተሩ ላይ እያለ ነው። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር በግስ ስለሚያልቅ ቤት መምታት ከልክ በላይ ይቀላል። የመጀመሪያው ረቂቅ «ጠዋት ከቤት ወጥቼ ሰልፍ እይዛለሁ፤ ታክሲ ያጣሁ እንደሆን በእግር እሄዳለሁ» እያለ እስከ መጨረሻው በ«አለሁ» ይወርድ ነበር። ቤት መምታቱን መትቷል፤ ግን ሦስተኛው ስንኝ ላይ ጆሮ ይሰለቻል፤ የሚመጣውን አስቀድሞ ያውቀዋላ። መድኃኒቱ ገጣሚዎቻችን ሲሠሩበት የኖሩት ነው፦ ግሱን ወደ ፊት አምጥቶ ስንኙን በስም መዝጋት። የተስተካከለው እንዲህ ሆነ፦

ወጣሁ ሳይነጋ፣ ቆምኩ ከሰልፉ ጫፍ፤
ደወሉ ቀደመኝ፣ ቀረሁ ከደጃፍ።

ሁለተኛው ችግር የቀለም (ቃል ሲነገር የሚከፋፈልበት ክፍለ ቃል) ብዛት ነው። ዘፈኑ በደቂቃ 90 ምት ይሄዳል። አንድ ባር አራት ምት ስለሆነ 2.67 ሰከንድ ይፈጃል። በዚህ ፍጥነት ለጀማሪ የሚመቸው በአንድ ባር ከ10 እስከ 13 ቀለም ነው። ከዚያ በላይ ሲጨመር ቃላቱ ይዋጣሉ፤ ከቃላቱ በፊት ግን የሚያልቀው ትንፋሽ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ስንኝ ከተጻፈ በኋላ የመተንፈሻው ቦታ በቀይ እስክሪብቶ ይሰመርበታል። መተንፈሻ ያልተገኘለት ስንኝ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ይቆረጣል። መግቢያ 4 ባር፣ አዝማች 8፣ ግጥም 16፣ አዝማች 8፣ ግጥም 16፣ አዝማች 8፣ መውጫ 4 ተብሎ 64 ባር ሆነ፤ በጠቅላላው 2 ደቂቃ ከ51 ሰከንድ።

መጥበቅና መላላትም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። በሁለተኛው ግጥም ውስጥ «ሰዓቱ ገና ነው» የሚል ስንኝ አለ። ራፐሩ ቃሉን ከስኔሩ (ጠንከር ብሎ ከሚሰማው ቀጭን ከበሮ) ምት ጋር ለማጋጨት «ና»ን ረገጥ ሲያደርጋት ጠበቀች፤ ሰሚውም የገና በዓል መሰለው። በንባብ ጊዜ ዓረፍተ ነገሩ ያድናል፤ በራፕ ግን ሰሚው ወደ ኋላ ተመልሶ ለማሰብ ጊዜ የለውም። ስንኙ ግማሽ ምት ዘግይቶ እንዲጀምር ተደረገና «ና» ከስኔሩ ወረደች፤ ቃሉም ላላ።

ቢቱን፣ ማለትም ግጥሙ የሚወርድበትን ሙዚቃ፣ ከኢንተርኔት ማውረድ ይሻላል የሚል ክርክር ነበር። «ፍሪ» ተብለው የሚለቀቁ ቢቶች አብዛኞቹ ነጻ የሚሆኑት ገንዘብ ላልገባበት ሥራ ብቻ ነው። ሌላው ምክንያት ግን ከዚህ ይብሳል፦ ከቅኝታችን ጋር አይገጥሙም። ዜማው በተለምዶ ግማሽ ትዝታ በሚባለው ቅኝት፣ ከሲ ተነስቶ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ላይ ነው የተሠራው። በእነዚህ አምስት ድምፆች መካከል ኤፍ የለም፤ የወረዱት ቢቶች ቤዝ (ወፍራሙ የታች ድምፅ) ግን ኤፍ ላይ ደጋግሞ ያርፋል። እዚያ ሲደርስ ክራሩ የተሳሳተ ይመስላል፤ ጥፋቱ ግን የቤዙ ነው።

ከድሮ ሸክላ ቆርጦ መጠቀምም ተነስቶ ነበር። ሐሳቡ ከሂፕ ሆፕ ጋር የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 11 ቀን 1973 ኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ ዲጄ ኩል ሄርክ ያጫወተበት ድግስ የሂፕ ሆፕ ልደት ተደርጎ ይቆጠራል፤ የእሱ ዘዴ አንድ ዓይነት ሁለት ሸክላዎችን እያፈራረቀ ከበሮው ብቻውን የሚቀርበትን ቦታ ማርዘም ነበር። የእኛም ሙዚቃ በዚህ መንገድ ሄዷል። አሜሪካዊው ራፐር ናስና ጃማይካዊው ዘፋኝ ዴሚያን ማርሊ እ.ኤ.አ. በ2010 ላወጡት የጋራ አልበም መክፈቻ የሙላቱ አስታጥቄን «የግሌ ትዝታ» መሠረት አድርገውታል። ግን የሰው ሥራ ያለ ፈቃድ ቆርጦ ማውጣት በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚያስጠይቅ ስለሆነ፣ ክበቡ የራሱን ክራርና ከበሮ ቀድቶ ያንኑ ደጋገመ።

ከበሮው ላይ አንድ ሒሳብ አለ። የእስክስታው ምት ጭክጭካ በ6/8 ነው፣ አንዱ ዙር ስድስት ንዑስ ምት አለው፤ ቢቱ በ4/4። ሁለት የጭክጭካ ዙር በአንድ ባር ውስጥ ልክ ይገባል፤ የባሩ አራት ምቶች እያንዳንዳቸው ለሦስት ሲከፈሉ 12 ይሆናሉና። ኮምፒውተሩ ላይ መስመሩ በ16 እንደተከፈለ ከተተወና ፕሮግራሙ ምቶቹን ራሱ እንዲያስተካክል ከታዘዘ ግን ጭክጭካው ይሰበራል፤ እስክስታው ይጠፋዋል። መጀመሪያ ክፍፍሉን ወደ ሦስት መለወጥ፣ ከዚያ መቅዳት ነው። ክራሩም ከመቀዳቱ በፊት በስልክ የቅኝት መለኪያ ከሲ ጋር ይስተካከላል፤ ፀሐይ ላይ የቆየ ክራር ቅኝቱን አይጠብቅም።

የቢት መሥሪያው ፕሮግራም የሙከራ ቅጂ ስለሆነ ሥራን ያስቀምጣል እንጂ መልሶ አያስከፍትም። ስለዚህ ሳይዘጋ በፊት ኪኩ (ወፍራሙ ከበሮ)፣ ስኔሩ፣ ቤዙ፣ ክራሩና ከበሮው ለየብቻቸው በዌቭ ፋይል ይወጣሉ። ይህን የዘነጋ ቢቱን እንደገና ይሠራል።

ድምፅ የተቀዳው በቤተ መጻሕፍቱ ዕቃ ቤት ነው፤ የመጻሕፍት መደርደሪያ ገደል ማሚቶን የሚሰብር ነገር ነው። ከራፐሩ ጀርባ ሁለት ጋቢ ተሰቀለ። ማይኩ ከአፍ አንድ ስንዝር ይርቃል፤ በመካከሉ በሽቦ ቀለበት ላይ የተወጠረ የሴት ስቶኪንግ ይቆማል፤ «ጰ»ና «ፐ» ማይኩን በንፋስ እንዳይመቱት። ከፍተኛው ጩኸት ከ−6 ዴሲቤል እንዳያልፍ ተደርጎ ይቀዳል፤ አልፎ የተሰነጠቀ ድምፅ በኋላ አይጠገንም። ማዳመጫው ባለ ገመድ መሆን አለበት። በብሉቱዝ የሚሰማ ቢት ዘግይቶ ስለሚደርስ ራፐሩ ልክ የገባ ሲመስለው ቅጂው ላይ ወደ ኋላ ቀርቶ ይገኛል። ሌላው ጠላት ቆርቆሮው ጣሪያ ነው፤ በበልግ ዝናብ ቀረጻ የለም።

ዘፈኑ መጀመሪያ የተሰማው በእረፍት ሰዓት በሚኒ ሚዲያው ነው። አቀባበሉ ሁለት ዓይነት ነበር። አዝማቹን በማግስቱ የበሩ ሰልፍ ላይ ሳይቀር ሲመላለሱት ተሰማ። «ቢቱ የታለ?» ያሉትም ትክክል ነበሩ፤ ቀንድ ስፒከር ከ300 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ እምብዛም ስለማያወጣ ቤዙ ጨርሶ ጠፍቶ ነበር። ቤዙ አንድ ኦክታቭ ወደ ላይ ተደግሞ፣ ድምፁ ጥቂት እንዲሻክር ተደርጎ ተደረበ፤ አሁን በቀንዱም በስልክም ይሰማል። ከመምህራን በኩል የመጣው ቅሬታ በታክሲው ረዳት የሚያሾፍ ስንኝ ላይ ነበር። ስንኙ ወጣ፤ እውነቱን ለመናገር ደካማም ነበር።

ለመድረክ የተዘጋጀው ቅጂ ሌላ ነው፦ የራፐሮቹ ድምፅ ወጥቶ አዝማቹ ብቻ ዝቅ ብሎ ቀርቷል። ሙሉውን ቅጂ ከፍቶ በላዩ መጮህ ለሰሚውም ለራፐሩም አይሆንም፤ ሁለቱ ድምፆች ጥቂት በተለያዩ ቁጥር ቃሉ ይደበዝዛል። ማይክ በመድረክ ከአፍ ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር ይያዛል። ክሊፕ ላይ እንደሚታየው የማይኩን ጭንቅላት በመዳፍ መጨበጥ ክልክል ነው። በጎንና በኋላ ያሉት ቀዳዳዎች ሲደፈኑ ማይኩ ከየአቅጣጫው መስማት ይጀምራል፤ የስፒከሩን ድምፅ መልሶ ይለቅምና ያፏጫል። ስፒከሮቹም ከማይኮቹ ፊት ይቆማሉ። ሙዚቃውን የሚያጫውተው ስልክ በአውሮፕላን ሞድ ላይ ይሁን፤ በልምምድ ጊዜ ጥሪ ገብቶ ግቢው በሙሉ የአንድ ተማሪ እናት እንደደወሉ አውቋል።

ጭብጨባ ያታልላል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 34 ሜትር ርቆ የቆመ ተመልካች ቢቱን 0.1 ሰከንድ ዘግይቶ ይሰማል፤ ጭብጨባው ተመልሶ መድረክ እስኪደርስ ሌላ 0.1 ይጨመራል። ምቱ በጠቅላላው 0.67 ሰከንድ ሆኖ 0.2 መዘግየት ብዙ ነው። ጭብጨባውን የተከተለ ራፐር ከቢቱ ይወጣል። በበዓሉ ዕለት ከራፐሮቹ ጎን የቆመው ከበሮ መቺ ዓይናቸውን ወደ እጁ እንዲያደርጉ የተደረገው ለዚህ ነው።

«ሞልቷል!» የሚለው መልስ ከሁለተኛው አዝማች ጀምሮ ከወላጆች ወንበር መጣ። ጎልማሶቹ ፉከራ ብለውታል፤ በአደረጃጀቱ ባይሆንም በትንፋሹ እውነት አላቸው። የኋላ ረድፎች ግን ሁለተኛውን ግጥም በደንብ አልሰሙትም። ክራሩ ከ2 እስከ 4 ሺህ ኸርዝ ባለው ክልል፣ ማለትም ተነባቢዎቹ በሚለዩበት ቦታ፣ ከድምፁ ጋር ይጋፋ ነበር። ለሚቀጥለው መድረክ በግጥሙ ጊዜ ክራሩ በዚያ ክልል በ4 ዴሲቤል ዝቅ ይበል።

ፋይሎቹ በሙሉ በሁለት ፍላሽ ተቀምጠዋል፤ አንዱ በቤተ መጻሕፍት፣ አንዱ በሚኒ ሚዲያ ክፍል። ክራሩ አዲስ ክር ይፈልጋል፤ አንደኛው የማይክ ገመድ ጫፉ ላይ ስለላላ መበየድ አለበት። ምዝገባ በመስከረም ነው፤ ለመመዝገብ የሚመጣ ራፐር ባለ 16 ባር ግጥም፣ መተንፈሻው በቀይ ተሰምሮ፣ ይዞ ይምጣ።