ለወላጆች፦ የትምህርት ቤታችን ጓሮ ጫካ አልሆነም

ጎንደር፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

የተከበራችሁ የተማሪ ወላጆች፣

ሰላምታችን ይድረሳችሁ። ፈተና ኅዳር መጀመሪያ ላይ ነው፤ ፕሮግራሙ በልጆቻችሁ ደብተር ላይ ተለጥፏል። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ግን ከሦስተኛ ክፍል ጀርባ ያለው የአትክልት ቦታ ነው።

«ግቢው ጫካ ሆነ» የሚል ቅሬታ በስልክም በር ላይም ደጋግሞ ደርሶኛል። ሁሉንም በአክብሮት ሰምቻለሁ። ጫካ ግን አይደለም። ሆን ብለን አጠጋግተን የተከልነው ነው።

እስከ አምና በየተክሉ መሃል ባዶ አፈር ነበር። ክረምቱን ሙሉ እናርማለን፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ተመልሶ ይበቅላል። ብዙው የአረም ዘር ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል። እኛ ደግሞ በቆፈርን ቁጥር የተቀበረውን ዘር ወደ ላይ ስናወጣለት ኖረናል። ስለዚህ በሰኔ ዳማከሴና ጥንጁት በክንድ ርቀት ተከልን። በመሃል አደይ አበባ ዘራን፣ ከሥር ማገጥ አለበስነው። ሁሉም የአገራችን ተክል ነው፤ ክረምቱንም በጋውንም ለምዶታል።

ባለፈው ሳምንት አንዲት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። የዳማከሴውን ቅርንጫፍ ገለጥ አደረገችው። አፈሩ ጥቁርና እርጥብ ነው። አንዲት አረም ብቻ በቅላለች፤ ቀጥና፣ ገርጥታ፣ ብርሃን አጥታ። «ቲቸር፣ ይቺ ራሷ ልትሞት ነው» አለችኝ። ይህን ያየች ልጅ ትምህርት አልተማረችም ትሉኛላችሁ?

«የአረም መድኃኒት ብትረጩ አይሻልም?» የሚል ይኖራል። ገበሬው የሚረጨው ቱ ፎር ዲ የሚገድለው ቅጠለ ሰፊውን ነው፤ ሰርዶን አይነካም። ብንረጭ ዳማከሴው ደርቆ ሰርዶው ይቀርልናል። ደግሞም ልጆች በሚቦርቁበት ግቢ መርዝ አላስረጭም። ይህን በትሕትና ግን በቁርጥ እናገራለሁ።

«ልጄን ለትምህርት እንጂ ለአረም አልላክሁም» የሚልም አይጠፋም። ሥራው በሳምንት አንድ ቀን፣ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ፣ ለ20 ደቂቃ ነው። ከሌላ ትምህርት አንድ ደቂቃ አልተነካም፤ ከማንም አንድ ብር አልተጠየቀም። እምቦጭ ጣናን ሲወር ደምቢያ ወርዳችሁ በእጃችሁ የነቀላችሁ ወላጆች አላችሁ። እናንተ ይህን አታጡትም።

የእባብ ስጋት ያነሳችሁም እውነት አላችሁ። የመተላለፊያውን ዳር እየከረከምን ነው፤ ልጆችም ያለ መምህር አይገቡም።

አንድ ጥፋት አለ፣ እሱም የእኔ ነው። በአጥሩ በኩል የሰርዶውን ሥር ለቅመን ሳንጨርስ ተከልን። አሁን እዚያ ጥግ ሰርዶ ወጥቷል። ሰርዶ ጥላ አይወድም፤ ተክሉ እስኪገጥም ግን በእጅ መንቀል ግድ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት በ3 ሰዓት ግቢው ክፍት ነው። ኑና ቅርንጫፉን ገልጣችሁ እዩ። ዶማ ያለው ይዞ ይምጣ፤ የሰርዶውን ጥግ አብረን እንጨርሰዋለን። የመርጫውን ዕቃ ግን እባካችሁ ቤት ተዉት።

ከአክብሮት ጋር
ርዕሰ መምህሩ