ጥምቀት በኦህሪድ ሐይቅ ዳር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላምታዬ ባላችሁበት ይድረሳችሁ። የምጽፍላችሁ ከቪየና ነው። ትውልዴ ባሕር ዳር ሲሆን ኦስትሪያ ከገባሁ 14 ዓመት ሞላኝ። በነዚህ ሁሉ ዓመታት ጥምቀትን አገሬ ያከበርኩት ሁለቴ ብቻ ነው። ጥር ላይ ከሥራ ፈቃድ ማግኘት ከባድ ነው፤ የአውሮፕላን ቲኬቱም አይቀመስም። እንደኔ የሚቸገር አንባቢ ብዙ መሆኑን ስለማውቅ፣ በ2017 ዓ.ም. ጥር ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ።

የምሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው። አብራኝ የምትሠራ የሰሜን መቄዶንያ ልጅ አለች። አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን፣ ጥር ሲመጣ ለምን እንደሚከፋኝ ጠየቀችኝ። ስለ ጥምቀት ነገርኳት፤ ስለ ታቦቱ፣ ስለ ውሃው። ቀኑን ጠየቀችኝ። በፈረንጅ አቆጣጠር ጃንዋሪ 19 እንደሚውል ስነግራት ጮኸች። «የኛም እኮ ያን ቀን ነው! በቃ፣ እናቴ ጋ እንሄዳለን» አለችኝ።

እናቷ የሚኖሩት ኦህሪድ በምትባል የሐይቅ ዳር ከተማ ነው። እስከ ዋና ከተማቸው ስኮፕዬ በአውሮፕላን፣ ከዚያ በአውቶቡስ ተራራ ለተራራ ሦስት ሰዓት ያህል ሄድን። ስንደርስ መሽቷል። የልጅ ልጆቻቸው «ባባ» ይሏቸዋል። ለእኛ ጆሮ አባት ይመስላል፤ በእነሱ ቋንቋ ግን ሴት አያት ማለት ነው። እኔም ባባ አልኳቸው። ገበታው ላይ በሸክላ ድስት የበሰለ ነጭ ቦሎቄ፣ ዳቦና የኮመጠጠ ጎመን ነበር። ቅቤም ሥጋም የለም። ልጃቸው «ዛሬ ይጾማሉ፣ ነገ በዓሉ ስለሆነ» አለችኝ። ለካ ገሃድ ነው! እኔም እንደምጾም ሲሰሙ ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ግንባሬን ሳሙኝ። ያን ጊዜ እንባዬ መጣ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ወደቡ ወረድን። የአሮጌው ከተማ መንገድ ጠባብ ነው። ቤቶቹ ከታች ጠበብ ብለው፣ ፎቃቸው ወደ መንገዱ ወጣ ይላል። የመንገድ መብራቶቹ እንኳ በእነዚሁ ቤቶች አምሳል የተሠሩ ናቸው። ደወል ይደወላል። ካህናቱ መስቀልና ሥዕለ አድኅኖ ይዘው ሲመጡ ሕዝቡ ግራና ቀኝ ተከፈለ። የውሃው ዳር ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ወንዶች የዋና ልብስ ብቻ ለብሰው ቆመዋል። እኔ በካፖርቴ ላይ ነጠላ ደርቤ እንቀጠቀጣለሁ። ጸሎቱ አለቀና ጳጳሱ መስቀሉን ወደ ሐይቁ ወረወሩት። ሁሉም እኩል ዘለሉ። ውሃው ተናወጠ፤ ጭንቅላትና እጅ ብቻ ሆነ። ትንሽ ቆይቶ አንድ ወጣት መስቀሉን ከፍ አድርጎ ብቅ አለ። ከንፈሩ ጠቁሯል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ መስቀሉን ግን ደጋግሞ ይስማል። ሳላስበው እልልታዬን ለቀቅሁት። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ባባ እጄን ጭምቅ አድርገው ያዙኝ። እልልታው እንዲቀጥል የፈለጉ መሰለኝ፤ ደገምኩት።

ቤተ ክርስቲያኖቻችን አንድ ናቸው እያልኩ አይደለም። ከኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ መንገዳችን ተለያይቷል። ያን ቀን ያየሁት ግን እንግዳ ነገር አልሆነብኝም። ከተማዋም ብትሆን የመጽሐፍ አገር ናት። የስላቭ ሕዝቦችን ያስተማሩት የቅዱሳን ቄርሎስና መቶድዮስ ደቀ መዝሙር ቅዱስ ክሌመንት እ.ኤ.አ. በ886 ወደዚህ መጥቶ፣ ሕዝቡን በገዛ ቋንቋው በስላቭኛ እንዲያነብ አስተማረ። በእኛ ዘንድ ለዘጠኙ ቅዱሳን የምንሰጠውን ክብር እነሱ ለእሱ ይሰጡታል። ገደል አፋፍ ላይ ያለችው ካኔዮ የምትባለዋ የዮሐንስ ወንጌላዊ ቤተ ክርስቲያን በፎቶ የታወቀች ናት። ፎቶው ግን ዝምታዋን አያሳይም። ከታች የውሃው ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው።

ሰኞ ዕለት ወደ ቅዱስ ናዖም ገዳም ሄድን። ከከተማው ወደ ደቡብ 29 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ የአልባኒያ ድንበር ጋ ነው። ናዖም የክሌመንት ባልንጀራ ነበር፤ ያረፈው እ.ኤ.አ. በ910 ነው። ግቢው ውስጥ ፒኮኮች ይንጎራደዳሉ። መቃብሩ ላይ ጆሮውን ያስጠጋ ሰው የቅዱሱን የልብ ትርታ ይሰማል ይባላል። ተንበርክኬ ጆሮዬን ድንጋዩ ላይ አደረግሁ። የሰማሁት የእሱን ይሁን የራሴን ልብ እግዚአብሔር ያውቃል። ልጅ እያለሁ የጣናውን ክብራን ገብርኤል ገዳም ያየሁት ከታንኳ ላይ ሆኜ ብቻ ነው፤ ሴት አይገባበትምና። ያንን ሥርዓት ለመንቀፍ አይደለም የማነሳው። በሐይቅ ዳር ገዳም ውስጥ መቃብር ላይ ተንበርክኬ ስጸልይ ግን የመጀመሪያዬ ስለሆነ፣ ቶሎ መነሳት አልቻልኩም።

ከገዳሙ ሥር ምንጮች አሉ። ውሃቸው ከስሩ ያለው ጠጠር እስኪቆጠር ድረስ ጥርት ያለ ነው። አሸዋው ከታች ሲፈላ ይታያል። የዚህ ውሃ ከፊሉ የሚመጣው ከተራራው ጀርባ ካለው ከፕሬስፓ ሐይቅ ነው። ፕሬስፓ ከኦህሪድ 150 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተኛ ነው፤ ውሃው በጋሊቺጻ ተራራ ሆድ ውስጥ፣ በኖራ ድንጋይ ስንጥቅ እየሰረገ እዚህ ይወጣል። ኦህሪድ ከሚያገኘው ውሃ ግማሽ ያህሉ እንዲህ ካለ ምንጭ ነው። እንግዲህ የላይኛው ሐይቅ ሲታመም የታችኛው አብሮ ይታመማል ማለት ነው። ፕሬስፓ ደግሞ ባለፉት አሥርት ዓመታት ብዙ ሜትር ወርዷል። ምንጮቹን ያሳየን ባለጀልባ ይህን ሲነግረን ድምፁ ዝቅ አለ።

ኦህሪድ ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በላይ የቆየ ሐይቅ ነው፤ ጥልቀቱም 288 ሜትር ይደርሳል። ሌላ የትም የማይገኙ ከ200 በላይ ፍጥረታት ይኖሩበታል። ትራውት የሚባለው ዓሣው አልቆ ሊጠፋ ሲል፣ በመቄዶንያ በኩል ማስገር ለዓመታት ተከልክሎ ነበር። ዩኔስኮ ሐይቁን እ.ኤ.አ. በ1979፣ ከተማውን ደግሞ በ1980 መዝግቧቸዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የአልባኒያው ዳርቻም ተጨመረ። አሁን ግን በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ይግባ የሚል ሐሳብ በተደጋጋሚ ይነሳል። አንዱ ምክንያት የውሃውን ዳር እየተሻሙ የሚሠሩት ግንባታዎች ናቸው። ባባ በመስኮታቸው በኩል አንድ አዲስ ፎቅ አሳዩኝ። «ድሮ ከዚህ ሆኜ ውሃውን አየው ነበር» አሉኝ። አሁን የሚያዩት የሰው በረንዳ ነው።

ይህን ስሰማ ጣና ፊቴ ላይ መጣ። ጣና በጥልቅ ቦታው እንኳ 15 ሜትር አይሞላም። 288 ሜትር ያለው ሐይቅ እንዲህ ከተፈራለት፣ እምቦጭ የወረረው፣ ደለል የሚሞላው የእኛው ምን ሊባል ነው? ባሕር ዳር በሄድኩ ቁጥር፣ ልጅ ሆኜ እግሬን የነከርኩበት ዳር በአጥር ተከልሎ አገኛለሁ። ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። ስለ ጣና ስትጽፉ እምቦጩ ላይ ብቻ አትቁሙ። ግልገል ዓባይ ከላይ ምን ይዞ እንደሚወርድ፣ የሐይቁ ዳርም በየት በኩል ለሕዝብ ክፍት እንደቀረ ጠይቁልን። አውሮፓ ላላችሁት ደግሞ፣ ጥር ላይ አገር ቤት መግባት ካልሆነላችሁ ኦህሪድን አስቡት። ብርዱ ይጠናል፤ ነጠላችሁን ግን እንዳትረሱ።

ስንመለስ ባባ ከበዓሉ ውሃ በትንሽ ጠርሙስ ሞልተው ሰጡኝ። ቪየና እንደደረስኩ ለእናቴ ደወልኩና በቪድዮ አሳየኋት።

«የየት ታቦት ጠበል ነው?» አለችኝ።

የኦህሪድን ነገር ከመጀመሪያው ጀምሬ ተረኩላት። ስለ ጾሙ፣ ስለ መስቀሉ፣ ስለዚያ ልጅ ከንፈር። ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «ስትመጪ ይዘሽልኝ ነይ፤ እስክትመጪ አትክፈችው» አለችኝ። ጠርሙሱ እንደታሸገ መደርደሪያዬ ላይ ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከቪየና